ቺፑ ለምን አይመልስም?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። በእጃችሁ የበየዳችሁትን ፕሮግራመር ከኮምፒውተር ጋር ታገናኛላችሁ፤ ኤቪአርዱድ የተባለውን ሶፍትዌር ታስነሣላችሁ፤ የጻፋችሁት ኮድ ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ ሊገባ ነው ብላችሁ ስትጠብቁ ስክሪኑ ላይ «ቺፑ አይመልስም» የሚል መልእክት ይወጣል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቺፑ ተነቅሎ ሌላ ይሰካል። ገመዱ ይለወጣል። ድራይቨሩ ተሰርዞ እንደገና ይጫናል። የጓደኛ ላፕቶፕ ይለመናል። ከነዚህ አንዱ ሲሳካ ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የተበላሸው ምን እንደነበር ግን የሚናገር አይገኝም።

ቺፕ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ይህ አካሄድ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ተማሪ ያለው አንድ ቺፕ ነው፤ እሱም ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ የገባ ወይም ከሱቅ ሱቅ ተዙሮ የተገኘ። ጥፋቱ ሰሌዳው ላይ ከሆነ፣ አዲስ ቺፕ መሰካት ሁለተኛውንም ለዚያው ጥፋት አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ እዚህ የመጣሁት አንድ ነገር ልላችሁ ነው፦ ከመቀየራችሁ በፊት ለኩ። የቱን እንደምትለኩ ለማወቅ ደግሞ ያ መልእክት ከመውጣቱ በፊት በሽቦዎቹ ላይ ምን እንደተካሄደ መረዳት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ የምወስደው ኤቲሜጋ 8ን ነው። 28 እግር አለው፣ ብሬድቦርድ ላይ ይሰካል፣ 8 ኪሎባይት ፕሮግራም ይይዛል። ከኤቪአር ቤተሰብ ነው። የዚህን ቤተሰብ ንድፍ ያፈለቁት አልፍ-ኢጊል ቦገን እና ቬጋርድ ቮላን የተባሉ ሁለት ኖርዌያውያን ናቸው፤ ሐሳቡን የጀመሩት በትሮንዳይም ከተማ በኖርዌይ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ሳሉ ነው። በኋላ አትሜል የተባለው ኩባንያ ተቀብሎ ለገበያ አወጣው፤ አትሜልን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮቺፕ ገዛው። የተማሪ ፕሮጀክት ለውጤት ተብሎ ብቻ የሚሠራ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ታሪክ ልብ ይበል።

ፕሮግራመራችን ደግሞ ዩኤስቢአስፕ ይሁን። ጀርመናዊው ቶማስ ፊሽል ነድፎ ሥዕሉንም ሶፍትዌሩንም ለሁሉም ክፍት ያደረገው መሣሪያ ነው። ራሱ በአንድ ኤቲሜጋ 8፣ በአንድ ባለ 12 ሜጋኸርዝ ክሪስታልና በጥቂት ሬዚስተሮች ይሠራል። በቤት ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ብዙ ናቸው፤ ይህኛውን የመረጥኩት ሲበላሽ ብዙ ስለሚያስተምር ነው።

አሁን ወደ ንግግሩ እንግባ። ቺፑን ፕሮግራም ለማድረግ ስድስት ሽቦ ይበቃል፦ ኃይል፣ ግራውንድ፣ ሪሴት፣ የሰዓት ምት የሚያመጣው ኤስሲኬ፣ መረጃ ወደ ቺፑ የሚያስገባው ሞሲ፣ መረጃ ከቺፑ የሚያወጣው ሚሶ። ፕሮግራመሩ ሪሴትን ወደ ዜሮ ያወርዳል፤ ቢያንስ 20 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ አራት ባይት ይልካል። በተለመደው የአሥርዮሽ አቆጣጠር 172፣ 83፣ 0 እና 0 ናቸው። ሦስተኛው ባይት በሞሲ ሲገባ፣ ቺፑ በዚያው ቅጽበት ሁለተኛውን ባይት፣ ማለትም 83ን፣ በሚሶ መልሶ ይልካል። 83 ከተመለሰ ቺፑ ኃይል አግኝቷል፣ የሰዓት ምቱን ቆጥሯል፣ ትዕዛዙን ተረድቷል፣ መልሱም በሽቦው ደርሷል። ካልተመለሰ ፕሮግራመሩ እንደገና ይሞክራል፤ እምቢ ሲለው ያንን መስመር እንድናነብ ያደርጋል።

እንግዲህ «አይመልስም» ማለት 83 አልመጣም ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምንም አይናገርም። ይህን ያወቀ ተማሪ ብዙ ጭንቀት ይቀንስለታል። የጻፈው ኮድ ስህተት ይኑርበት አይኑርበት ገና አልተነካም። የኮምፒውተሩ ድራይቨርም ተጠያቂ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ፕሮግራመሩን ባያገኘው ኖሮ መልእክቱ ሌላ ይሆን ነበር። ድራይቨር እየሰረዙ ሲጭኑ ማደር እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ፍለጋው ከፕሮግራመሩ ወዲያ ባለው በኩል፣ በስድስቱ ሽቦዎችና በቺፑ ላይ ነው።

ከኃይሉ ጀምሩ። የቴስተሩን ጫፎች የምታሳርፉት በቺፑ እግሮች ላይ ነው እንጂ በብሬድቦርዱ ጠርዝ ላይ አይደለም፤ በጠርዙና በእግሩ መካከል ላልቶ የቆመ ሽቦ ሊኖር ይችላል። በ7ኛውና በ8ኛው እግር መካከል 5 ቮልት አካባቢ መገኘት አለበት። 20ኛው እግር የአናሎጉ ክፍል ኃይል ነው፤ አናሎጉን ባትጠቀሙበትም ከ5 ቮልቱ ጋር ይያያዝ። 22ኛው ሁለተኛው ግራውንድ ነው። እነዚህን ሁለቱን አየር ላይ መተው በተማሪ ሰሌዳ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው። ከቺፑ አጠገብም 104 የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ካፓሲተር፣ 100 ናኖፋራድ ማለት ነው፣ በኃይሉና በግራውንዱ መካከል ትቀመጥ።

ሪሴት 1ኛው እግር ነው። ሥራ ሳይኖር 5 ቮልት አካባቢ ይቆያል፤ ኤቪአርዱድ ሲሞክር ለአጭር ጊዜ ይወርዳል። ቅጽበቱ አጭር ስለሆነ የድሮው ባለ መርፌ ቴስተር ከባለ ቁጥሩ ይልቅ ያሳየዋል፤ መርፌው ብቻ ዘለል ሲል ይበቃል። ከሪሴት ቀጥሎ ሞሲና ሚሶ አሉ። ሁለት መሣሪያ በሲሪያል ማገናኘት የለመደ እጅ ላኪውን ከተቀባዩ ጋር አቋርጦ ያያይዛል፤ እዚህ ግን ሞሲ ከሞሲ፣ ሚሶ ከሚሶ ነው፤ በኤቲሜጋ 8 ላይ 17ኛውና 18ኛው እግር ናቸው፣ ኤስሲኬ ደግሞ 19ኛው። የዩኤስቢአስፕ ባለ 10 ፒኑ ማገናኛ ከብየዳው በኩል ሲታይ ግራና ቀኙ እንደሚገለበጥም አትርሱ።

ይህ ሁሉ ተለክቶ ልክ ሆኖ ሳለ ቺፑ አሁንም ዝም የሚልበት አንድ ምክንያት አለ፤ ጊዜ ወስጄ የማብራራው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ምንም ነገር ሳይበላሽ የሚመጣ ጥፋት ነው። አዲስ ኤቲሜጋ 8 ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሠራው በውስጡ ባለው ሰዓት በ1 ሜጋኸርዝ ነው። ዳታሺቱ እንደሚለው በዚህ ዓይነት ፍጥነት የኤስሲኬ ምት ከፍ ብሎ የሚቆይበት ጊዜም፣ ዝቅ ብሎ የሚቆይበት ጊዜም፣ እያንዳንዳቸው ከሁለት የቺፑ ምት መብለጥ አለባቸው። ተደምሮ አንድ ሙሉ የኤስሲኬ ዑደት ከአራት የቺፑ ምት ይበልጣል። 1 ሜጋኸርዝን ለአራት ስታካፍሉ 250 ኪሎኸርዝ ታገኛላችሁ። ፕሮግራመሩ ከዚህ ማነስ አለበት ማለት ነው። ዩኤስቢአስፕ በመደበኛ ሁኔታው የሚልከው ግን በ375 ኪሎኸርዝ ነው።

መምህሩ ፈጥኖ ሲያስጽፍ እጁ የዘገየ ተማሪ ግማሹን ቃል እየዘለለ እንደሚጽፈው፣ ቺፑም ከምቶቹ የተወሰኑትን ብቻ ይቆጥራል። 172 ብለን የላክነው ሌላ ቁጥር ሆኖ ይደርሰዋል፤ የማያውቀውን ትዕዛዝ አይመልስም። ብየዳው ንጹሕ ነው፤ ሽቦው ልክ ነው፤ ቺፑ አዲስ ነው፤ ነገር ግን 83 አይመጣም። ተማሪው ግን ቺፑ ተቃጥሏል ብሎ ይደመድማል። ፊሽል ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ በሰሌዳው ላይ ሦስተኛው ጃምፐር ሲዘጋ ኤስሲኬ ወደ 8 ኪሎኸርዝ ገደማ ይወርዳል። ከ1.5 ሜጋኸርዝ በታች ለሚሠራ ቺፕ ይህ ጃምፐር መዘጋት አለበት፤ 375ን በአራት ብታባዙ ያው 1500 ኪሎኸርዝ ይመጣል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አሁን ታያላችሁ። በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ቅጂዎች ጃምፐሩን የማስገቢያ ቀዳዳ ብቻ አላቸው፣ ፒኑ አልተበየደም። ሁለት ፒን መበየድ የአንድ ሳምንት ተስፋ መቁረጥ ያድናል።

83 ከተመለሰ በኋላ ኤቪአርዱድ የቺፑን መለያ ያነባል፤ ሦስት ባይት ነው። ለኤቲሜጋ 8 ቁጥሮቹ 30፣ 147 እና 7 ናቸው፤ 30 አትሜልን፣ 147 ስምንት ኪሎባይቱን ያመለክታል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ብትለጥፏቸው ደስ ይለኛል። በሞከራችሁ ቁጥር የተለያየ መለያ ከመጣ መስመሩ ላይ ረብሻ አለ፤ ሽቦውን አሳጥሩ፣ ግራውንዱን አጥብቁ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ። ፕሮግራመሩ የ83ን መልስ ሳይጠብቅ መለያውን ካነበበና ሁሌም ሦስት ዜሮ ከመጣ ሚሶ ወደ ግራውንድ ተጎትቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሁሌም 255 ከሆነ ሚሶን የሚያንቀሳቅሰው የለም ማለት ነው። ፕሮጀክታችሁ ውስጥ በሞሲ፣ በሚሶ ወይም በኤስሲኬ መስመር ላይ የተሰካ ኤልኢዲ፣ ትራንዚስተር ወይም የኤስዲ ካርድ ካለም ለጊዜው ንቀሉት፤ ፕሮግራመሩና እሱ አንዱን ሽቦ እየተሻሙ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ፊውዝ ቢት የሚባለው አለ። ተማሪ «ቺፔን ገደልኩት» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ፊውዝ ቢቶች ቺፑ ሰዓቱን ከየት እንደሚወስድ ይወስናሉ። ዜሮ ማለት የተመረጠ፣ አንድ ማለት ያልተመረጠ ነው፤ ከለመድነው ተቃራኒ ስለሆነ ስህተቱ ቀላል ነው። አንድ ተማሪ ውጫዊ ክሪስታል እንዲጠቀም ፊውዙን ጽፎ ክሪስታሉን ሳይሰካ ቢቀር፣ ቺፑ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት የለውም። ሰዓት የሌለው ቺፕ አይቆጥርም፤ ያልቆጠረ 83 አይልም። ይህ ቺፕ ግን አልሞተም። በ9ኛውና በ10ኛው እግር ላይ ክሪስታል፣ ለምሳሌ ባለ 8 ሜጋኸርዝ፣ ከሁለት ባለ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ጋር አስገቡና እንደገና ጠይቁት። ፊውዙ የተጻፈው ለውጫዊ ኦሲሌተር ከሆነ ደግሞ ክሪስታሉ ላይረዳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከሌላ ሰርኪት፣ ለምሳሌ ከሌላ ማይክሮኮንትሮለር፣ የካሬ ሞገድ ምት ወደ 9ኛው እግር ስጡት። መልስ ይሰጣችኋል፤ ፊውዙንም ታስተካክላላችሁ።

አንድ ፊውዝ ብቻ በእውነት አደገኛ ነው፤ የሪሴትን እግር ወደ ተራ እግርነት የሚቀይረው። እሱ ከተጻፈ በስድስቱ ሽቦ መንገድ ወደ ቺፑ መግባት አይቻልም፤ በሪሴት እግር ላይ 12 ቮልት የሚሰጥ ሌላ ዓይነት ፕሮግራመር ያስፈልጋል። ያለ በቂ ምክንያት አትንኩት። ማንኛውንም ፊውዝ ከመጻፋችሁ በፊትም የነበረውን አንብባችሁ በደብተር መዝግቡ።

እስካሁን የተናገርኩት ኮምፒውተሩ ፕሮግራመሩን ሲያገኘው ነው። የማያገኘው ከሆነ ፍለጋው ወደ ዩኤስቢው በኩል ይዞራል። ኤቲሜጋ 8 በውስጡ የዩኤስቢ ክፍል የለውም፤ ሥራውን የሚሠራለት ቪ-ዩኤስቢ የተባለው፣ ቪየና ያለው ኦብጀክቲቭ ዴቨሎፕመንት ያወጣው ሶፍትዌር ነው። በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት የሆነውን ዝቅተኛውን የዩኤስቢ ፍጥነት ምት በምት እየቆጠረ ያስተናግዳል። ስለዚህ በ12 ሜጋኸርዙ ክሪስታል ቦታ ሌላ ከገባ ሶፍትዌሩ በተሳሳተ ሰዓት ይናገራል። ሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች በ3.6 ቮልት እንዲወሰኑ ዜነር ዳዮዶች ይገባሉ፤ እነሱ ተገልብጠው ሲበየዱ ሽቦው ከአንድ ቮልት በታች ይቀራል፤ ቴስተር ወዲያው ያሳያችኋል። ከዚህ የረቀቀ ጥፋትም አለ። ባለ ግማሽ ዋት ወይም ከዚያ ያነሰ ዜነር ሲባል፣ ትልቁ ይጠነክራል ተብሎ ባለ 1 ዋት ይገባል። ትልቁ ዳዮድ በተፈጥሮው የሚሸከመው ካፓሲታንስ ብዙ ነው፤ የምልክቱን ጠርዝ ያደበዝዘዋል፤ ኮምፒውተሩም «ያልታወቀ መሣሪያ» ይላል። በቮልት ስትለኩት ሁሉም ልክ ይመስላል። በኤሌክትሮኒክስ ውስጥ ትልቅ ማለት የተሻለ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን አንድ ሰው ሊጠይቀኝ ይችላል፤ የዩኤስቢአስፕን የራሱን ኤቲሜጋ 8 የመጀመሪያ ጊዜ በምን ፕሮግራም እናድርገው? ጥያቄው ልክ ነው፤ ፕሮግራመር ለመሥራት ፕሮግራመር ያስፈልጋል። መፍትሔው አርዱይኖ የተባለው ሰሌዳ ነው። አርዱይኖን ለጊዜው ፕሮግራመር የሚያደርግ ኮድ ከራሱ ሶፍትዌር ጋር አብሮ ይመጣል። ብቻ ኮምፒውተሩ ግንኙነቱን በከፈተ ቁጥር አርዱይኖው እንደገና ስለሚነሣ፣ ኮዱን ከጫናችሁ በኋላ በሪሴቱና በግራውንዱ መካከል ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገቡ፤ ፖዘቲቩ ወደ ሪሴት።

ፒክ የተባለውን የማይክሮኮንትሮለር ቤተሰብ የምትጠቀሙ ተማሪዎች ተረስተናል እንዳትሉ ስለ እናንተም ልበል። በፒክ ዓለም የሚገጥመው የቮልቴጅ ጉዳይ ነው። እንደ ፒክ 16ኤፍ84 ያለው ቺፕ ፕሮግራም እንዲደረግ በሪሴት እግሩ ላይ 13 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። ዴንማርካዊው ዬንስ ዲኬር ማድሰን ጄዲኤም በሚባለው ፕሮግራመሩ ይህን ያለ ምንም ውጫዊ ኃይል ከኮምፒውተሩ ሲሪያል ወደብ አገኘው። ብልሃቱ ይህ ነው፦ የሲሪያሉ ወደብ ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ቮልት ይሰጣል፤ እሱ የቺፑን የ5 ቮልት እግር ከኮምፒውተሩ ግራውንድ ጋር አያያዘውና የቺፑን ግራውንድ ወደ ኔጋቲቭ አወረደው። 5.1 እና 8.2 ቮልት ያላቸው ሁለት ዜነሮች ተደምረው 13.3 ይሰጣሉ። በጣም የሚያምር ንድፍ ነው። ግን ሁለት ነገር ይከተለዋል። የፕሮግራመሩ ግራውንድ የኮምፒውተሩ ግራውንድ ስላልሆነ፣ የፕሮጀክታችሁን ሰሌዳ ከሌላ ኃይል ጋር አያይዛችሁ በዚህ ፕሮግራመር ብትነኩት ሁለቱ ግራውንዶች ይጋጫሉ። ሁለተኛ፣ ንድፉ 12 ቮልት ገደማ የሚሰጥ የድሮ ዴስክቶፕ ወደብ ይፈልጋል። የሲሪያል ደረጃው ግን ላኪው 5 ቮልት እንኳ ቢሰጥ ይፈቅዳል፤ ብዙ ላፕቶፕና የዩኤስቢ ማስተላለፊያ ገመድ የሚሰጠው ወደዚያ የቀረበ ነው። ከ5 እና ከ5 ቮልት 13 አይወጣም። ይህ አሮጌ ንድፍ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ያልሠራው ተበላሽቶ አይደለም፤ በቴስተር አንድ ጊዜ ብትለኩት መልሱን ታገኛላችሁ። 16ኤፍ628 የያዛችሁ ደግሞ 10ኛውን እግር በሬዚስተር ወደ ግራውንድ ሳቡት፤ ተንሳፍፎ ከቀረ ቺፑ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የፕሮግራም ስልት ውስጥ ሊገባና ሊያስቸግር ይችላል።

መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር አለ። የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ሲገመገም ውጤት የሚሰጠው ሮቦቱ ስለ ሄደ፣ መብራቱ ስለ በራ ነው። ተማሪው በመንገድ ላይ የለካው፣ የጠረጠረው፣ ያረጋገጠው ነገር በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሪፖርቱ ሁሉም ከመጀመሪያው እንደሠራ አድርጎ ይቀርባል። በዚህ የተነሣ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ያንኑ የ375 ኪሎኸርዝ ግድግዳ ከዜሮ ይጋፈጣል። የጥፋት መዝገብ የሪፖርቱ አንድ ምዕራፍ ይሁን፣ ነጥብም ይያዝለት። ምልክቱ ምን ነበር፣ የት ተለካ፣ ስንት ቮልት ተገኘ፣ ምን ተረጋገጠ፤ እነዚህ በአማርኛ ተጽፈው በቤተ ሙከራው ይቀመጡ። በክፍላችሁ አንድ ኦሲሎስኮፕ ለብዙ ሰው ከሆነ፣ ስምንት መስመር የሚያነብ ትንሽ ሎጂክ አናላይዘር ከፐልስቪው ጋር ተጠቀሙ፤ ፐልስቪው ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ የኤቪአርን የፕሮግራም ንግግር ተርጉሞ ያሳያል። 83 ሲመለስ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ከፊት ያሉት ጠረጴዛዎች ላይ ቴስተርና አንድ ሎጂክ አናላይዘር ተቀምጠዋል። ቺፓችሁ አልመልስም ያላችሁ ሰሌዳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከ7ኛውና ከ8ኛው እግር እንጀምራለን።